አዲስ መኪና የዛገ ዲስክ ይዞ ሲገኝ

መኪናው አዲስ ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ገዢው ግን ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ ሲያይ የፍሬኑ ዲስክ ብርቱካናማ ሆኖ ያገኘዋል። የሚከተለው ጭቅጭቅ ለመኪና ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ገዢ «ውኃ የገባበት ነው» ይላል፣ ሻጭ ይምላል፣ ደላላም መሐል ገብቶ ዋጋ ለማስቀነስ ይሞክራል። ለመሆኑ ይህ ዝገት ገንዘብ ያስቀንሳል?

በአብዛኛው አያስቀንስም። ዲስክ የሚሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ነው። ሸራው የሚይዘው ፊት ቀለም አይቀባም፤ ቢቀባም በመጀመሪያው ፍሬን ይላጣል። ራቁቱን የቆመ ብረት ደግሞ እርጥበትና አየር ካገኘ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። እንደ ደብረ ኤልያስ ክረምቱ በሚበረታበት አገር፣ ማታ ዝናብ የመታው መኪና ጠዋት ዲስኩ ቀልቶ ቢገኝ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ከውጭ የሚገባ መኪና ደግሞ ሳምንታት በባሕር ተጉዞ፣ ጂቡቲ ወደብ ጨው ባዘለ አየር ውስጥ ቆይቶ፣ እንደገና የጉምሩክ ተራ ይጠብቃል። ጨው ዝገትን ያፋጥናል።

ፍርዱን የሚሰጠው መንገዱ ነው። መኪናው ጭር ባለ መንገድ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተነዳ አሥር ጊዜ ያህል ለስለስ ባለ ፍሬን ይያዝ። የላይ ዝገት ከሆነ የመጀመሪያው ኪርኪርታ ይጠፋል፣ ዲስኩም እንደ መስተዋት ይነጣል። ከዚያ በኋላ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከቀረ፣ ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሸራው ያረፈበት ቦታ ጥቁር ማኅተም ሆኖ ከታየ ግን መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሟል ማለት ነው። ያኔ ዋጋ መነጋገር ተገቢ ነው። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በብዙ ዲስኮች ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጿል፣ ከዚያ በታች የተላጠ ዲስክ አይገጠምም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይዟል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ሸራና ዲስክ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚነዳ መኪና እንኳ ዲስኩ ሊዝግ ይችላል። ቮልስዋገን «አይዲ 4» የተባለውን መኪናውን በኋላ እግሩ ታምቡር ያደረገለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ታምቡር ሸራውን ከእርጥበት ይሸፍናል። አሮጌ ቴክኖሎጂ ነው ብሎ የሚያጣጥለው ገዢ ተሳስቷል።

ወደ ጎጃም ለሚነዳ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ መኪና ተጨማሪ ኃይል መቀበል ስለማይችል ሥራው ሁሉ በሸራና በዲስክ ላይ ይወድቃል። ወራት ሙሉ ያልተነካ፣ በዝገት የተበላ ዲስክ የሚፈተነው እዚያ ነው። ባለቤቱ ከጉዞው በፊት ጠንከር ያሉ ፍሬኖችን ይዞ ዲስኩን ማጽዳት፣ ባትሪውንም ጥቂት ጎደል አድርጎ መውረድ ይበጀዋል።

የመለዋወጫ ነጋዴውም ድርሻ አለው። በካርቶን የሚመጣ አዲስ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ከዝገት የሚከላከል ዘይት ተቀብቶ ነው፤ ካርቶኑን ከፍቶ እርጥብ መጋዘን ወለል ላይ የደረደረ ሰው ዕቃውን ራሱ ያዝገዋል። ዘይቱ ሳይታጠብ ከተገጠመ ደግሞ ሸራው ይጠጣዋል፣ ፍሬኑም አይዝም። ነጭ ጋዝ ቅባት ስለሚተው ለዚህ አይሆንም፤ ለፍሬን ተብሎ የሚሸጠው ማጽጃ አለ። ከሁሉ የከፋው ሻጭ ዝገቱን ለመደበቅ ዲስኩን ዘይት የሚቀባው ነው። ጨርቅ አስነክቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቅባት የያዘ ጨርቅ ከወጣ፣ ሸራው ሳይቀየር ያ መኪና ለሙከራ እንኳ መነዳት የለበትም።