ሳይክል ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ መሮጥ፦ ሳይክሎክሮስ ለጀማሪ የሚራራው ለምንድን ነው?

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሳይክል መንዳት መቼ እንደጀመረ አያስታውስም። እኔም አላስታውስም። በደንብ የማስታውሰው ክረምቱን ነው። ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ጭቃው ጎማውን ከፍሬኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሳይክሉ አልሄድም ይላል፤ ያለው አማራጭ ትከሻ ላይ አድርጎ ወደ ቤት መሄድ ነው። ቤት ስንደርስ ደግሞ ስለ ጫማችን የእናት ቁጣ ይጠብቀናል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ እኮ ስፖርት ነው» ቢለን እንስቅበት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለድኅረ ምረቃ ጥናት ወደ ቤልጂየም መጣሁ። አንድ የኅዳር እሑድ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከጌንት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ማሳ ወሰደኝ። የማየውን ማመን አቃተኝ። አዋቂ ሰዎች ከፍለው፣ ተመዝግበው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው፣ ሳይክል ተሸክመው ጭቃ ውስጥ ይሮጣሉ! ዳር የቆመው ሕዝብ ለአንደኛውም ለመጨረሻውም እኩል ይጮኻል። «ይሄማ የኛ ሰፈር መንገድ ነው» አልኩ። በሁለተኛው ወር እኔም ተመዘገብኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ ላይ የምቀረው እኔ ነበርኩ። ስፖርት ለሌሎች የተሰጠ ነገር ነው ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። እንዲህ የምታስቡ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ሳይክሎክሮስ ከውጭ ሲታይ የጠንካሮች ብቻ ይመስላል። ፊዚክሱን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ለጀማሪ ራርቶ የተሠራ የሚመስል ውድድር ነው። እንዴት? አብረን እንየው።

መጀመሪያ፣ ሳይክሎክሮስ ምንድን ነው?

ስፖርቱ የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የመንገድ ብስክሌተኞች በክረምቱ ብርድ ሰውነታቸው እንዳይዝል በማሳና በጫካ እየነዱ ይለማመዱ ነበር። በ1910 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው ኦክታቭ ላፒዝ ለድሉ ይህ ልምምድ እንደረዳው መናገሩ ስፖርቱን የበለጠ አስተዋወቀው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1950 ፓሪስ ላይ ተካሄደ። ዛሬ ስፖርቱ በጣም የሚወደደው በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ነው። ሆላንዳዊው ማቲዩ ቫን ደር ፑል በ2023 የሳይክሎክሮስንም የመንገድ ውድድርንም የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። የአገሩ ልጅ ማሪያን ቮስ ደግሞ በሴቶች ሳይክሎክሮስ 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ውድድሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙር ላይ ይካሄዳል። መንገዱ ሳር፣ ጭቃ፣ አሸዋ፣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት፣ አንዳንዴም ደረጃ አለው። እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው የጣውላ መሰናክሎችም ይቆማሉ። እዚያ ስትደርሱ ዘላችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሳይክሉን ታነሣላችሁ፣ ትሻገራላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትወጣላችሁ። ታዋቂዎቹ ወንዶች ለአንድ ሰዓት ያህል ይወዳደራሉ፤ የጀማሪዎች ውድድር ከዚያ ያጥራል።

ነፋሱ የማይገዛው ውድድር

በአስፋልት ላይ ትልቁ ጠላት አየር ነው። አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው አቅም ከፍጥነት ጋር በሦስት እርከን ያድጋል፤ ፍጥነታችሁን እጥፍ ስታደርጉ የሚያስፈልጋችሁ አቅም 8 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነዳ አየሩን ለመግፋት ብቻ 210 ዋት ገደማ ያወጣል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን 26 ዋት ይበቃዋል። ለዚህ ነው የመንገድ ተወዳዳሪዎች ተጠጋግተው በቡድን የሚነዱት። ከሰው ጀርባ የተደበቀ ከዚያ አቅም እስከ ሲሶ ድረስ ሊቆጥብ ይችላል፤ ከ210 ዋት 70 ማለት ነው። ቡድኑ አንዴ ካመለጣችሁስ? አለቀ። ከነፋሱ ጋር ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው።

ጭቃ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሰውና ሳይክል በአንድ ላይ 80 ኪሎ ይሁኑ፤ ክብደታቸው 785 ኒውተን ገደማ ነው። ጭቃው ጎማውን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል የዚህ ክብደት 4 በመቶ ነው ብለን እናስብ። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ስንነዳ ለጭቃው ብቻ 157 ዋት እንከፍላለን፤ ለአየሩ ያው 26 ዋት። ከሰው ጀርባ ብንደበቅ የምናተርፈው 9 ዋት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጭቃ ላይ ቡድኑ አመለጠኝ የሚል ጭንቀት ብዙም ቦታ የለውም። ሁሉም ከራሱ ጭቃ ጋር ነው የሚታገለው፤ አንደኛውም ጭምር።

ጉልበት የማይበቃበት ዳገት

«ጠንካራ እግር ያለው ሁሉንም ዳገት ነድቶ ይወጣል» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይወጣም! ሳይክልን ወደ ፊት የሚገፋው የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶው የኋላ ጎማ ላይ አረፈ እንበል። ጭቃው የሚሰጠን ሰበቃ ደግሞ ጎማው ላይ ካረፈው ክብደት 30 በመቶ ነው እንበል። 0.6 በ0.3 ሲባዛ 0.18 ይሆናል። በ100 ሜትር ከ18 ሜትር በላይ ከፍ የሚል ዳገት ላይ፣ እግራችሁ የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

አሁን ውረዱና ሳይክሉን ትከሻችሁ ላይ አድርጉ። ሙሉው ክብደት፣ የሳይክሉም ጨምሮ፣ መሬት በረገጠው እግራችሁ ላይ አረፈ። ገደቡ ከ18 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ፤ ጫማው ጥርስ ካለው ደግሞ ጭቃው ውስጥ ስለሚሰካ ከዚያም ያልፋል። ለዚህ ነው የዓለም ሻምፒዮናዎቹም እንደኛ ሰፈር ልጆች ሳይክል ተሸክመው የሚሮጡት። መውረድ ሽንፈት ሳይሆን ትክክለኛው ስሌት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሮጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሳይክል የነዳውን ሰው ልትቀድሙት ትችላላችሁ።

«ይሄ ድንጋይ ነው፤ አስተንፍሰው»

ወደ መጀመሪያው ውድድሬ ልመልሳችሁ። ጠዋት ጎማዬን 4 ባር ድረስ ነፋሁት። ምክንያት ነበረኝ፤ ጠንካራ ጎማ በቀላሉ ይሽከረከራል። ውድድሩ ተጀምሮ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደቅሁ። ሁለተኛው ላይም ወደቅሁ። ሁሉም አልፎኝ ሄደ። ያ የትምህርት ቤቱ የድሮ ስሜት ሲመለስ ይታወቀኛል፤ «አላልኩህም?» የሚለው።

የመጀመሪያውን ዙር በ11 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ጨርሼ ስመጣ፣ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «ይሄ ድንጋይ ነው፤ አስተንፍሰው» አሉኝ። ከሁለቱም ጎማ አየር ቀነስኩ። በኋላ ስለካው 2 ባር ገደማ ሆኖ አገኘሁት።

ምን ተለወጠ? ጎማ መሬትን የሚነካበት ስፋት፣ በግምት፣ በላዩ ያረፈው ኃይል ለግፊቱ ሲካፈል ነው። የኋላ ጎማዬ ላይ 430 ኒውተን ያህል ነበር። በ4 ባር 11 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ በ2 ባር 21 ተኩል። እጥፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ሰበቃ በስፋት ላይ አይመሠረትም ተብለን ተምረን የለ?» ትክክል ነው፤ እኔም ያንን ተማምኜ ነው 4 ባር የነፋሁት። ያ ሕግ ግን በደንብ የሚሠራው ሁለት ደረቅና ጠንካራ ነገሮች ሲነካኩ ነው። ጭቃ ሌላ ፍጡር ነው። ጎማው ሲንሸራተት ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ጭቃው ራሱ ነው፤ የላይኛው ክፋይ ከታችኛው ተቆርጦ ይሄዳል። ሸክላ የበዛበት አፈር፣ ለምሳሌ የኛው ዋልካ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የሚይዙበት የራሱ ጥንካሬ አለው። የምትይዙት ስፋት ሲጨምር ለመቆረጥ እምቢ የሚለው ጭቃም ይጨምራል። የጎማው ጥርሶችም በብዛት መሬት ይነካሉ። በተጨማሪ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል ጎማው ብዙም አይሰምጥም። ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ሲገቡ የትራክተር ጎማ አየር የሚቀንሱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ጨርሰን አናስተነፍሰውም? ምክንያቱም በጣም ሲላላ ድንጋይ ወይም ሥር ሲመታው ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ኩርባ ላይም ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል። ትክክለኛው ግፊት በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ እንደ አፈሩና እንደ ነጂው ክብደት ይለያያል። ጎማውን ማስፋትም አንድ መፍትሔ ነበር፤ ግን በዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ደንብ በትልልቆቹ ውድድሮች የሚፈቀደው የጎማ ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ሻምፒዮናዎቹም በውድድር ጠዋት መንገዱን እየዞሩ አየር ሲጨምሩና ሲቀንሱ ታያላችሁ። ያ የአውራ ጣት ዕውቀት ገንዘብ አያስወጣም፤ ለኔ ግን ከማንኛውም ውድ ዕቃ በላይ ሠርቷል።

መውደቅም መቀደምም እዚህ ይቀላል

መውደቅ አይቀርም። ግን ስትወድቁ የምትሸከሙት ጉልበት በፍጥነት ካሬ ነው የሚለካው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየነዳ የወደቀ ሰው፣ በ54 ከሚወድቀው ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ አንድ ዘጠነኛ ነው። የሚጠብቀውም አስፋልት ሳይሆን ለስላሳ ጭቃ ነው። አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ሄልሜት ግዴታ ነው። ግን እኔ አራት ጊዜ ወድቄ የተጎዳው ኩራቴ ብቻ ነበር።

መቀደምስ? አንደኛው አንድን ዙር በ7 ደቂቃ፣ እናንተ በ9 ደቂቃ ትጨርሳላችሁ እንበል። እሱ 6 ዙር በ42 ደቂቃ ይጨርሳል። ያኔ እናንተ አምስተኛው ዙራችሁ ላይ ናችሁ፤ መስመሩ ላይ ስትደርሱ 45 ደቂቃ ሆኖ ውድድሩ ለእናንተም አበቃ። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ነው! በትልልቅ ውድድሮች በጣም የዘገየ ሰው እንዲወጣ ይደረጋል፤ በጀማሪዎች ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይነዳል። መኪና በሌለበት፣ ሰው በየኩርባው በሚጮኽላችሁ ዙር ላይ ብቻችሁን አትቀሩም።

ራሳችሁ ሞክሩት

ያን ቀን ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣሁ። የመጨረሻውን ዙር ግን በ9 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ነበር የጨረስኩት፤ ደክሜም ከመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ተኩል ፈጠንኩ። ለዓመታት «አልችልም» ያልኩት ነገር ውስጥ መሻሻሌን በሰዓት ለክቼ ያየሁት ያኔ ነው። ዙር ማለት እኮ ሙከራ ነው። ያው ኩርባ፣ ያው ዳገት በየ10 ደቂቃው ይመለሳል፤ ባለፈው የሳታችሁትን አሁን ታርሙታላችሁ።

እንደ መሐንዲስ ግን አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም፤ ሙከራዬ ንጹሕ አይደለም። አየሩን ስቀንስ መንገዱንም እየለመድኩ ነበር። ከአንድ ደቂቃ ተኩሉ ስንቱ የጎማው፣ ስንቱ የኔ እንደሆነ ከዚህ መለየት አይቻልም።

እናንተ ከኔ የተሻለ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ውድ ሳይክል አያስፈልግም፤ በብዙ የጀማሪዎች ውድድር ላይ ማውንቴን ባይክም ይፈቀዳል። መኪና የማይገባበት ሳር ሜዳ ፈልጉ፣ ትንሽ ዙር አውጡ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ ጓደኛ ሰዓት ይያዝ። ግፊት መለኪያ ከሌላችሁ የሰፈራችሁን ጎሚስታ ጠይቁ። አንዱን ዙር በጠንካራ ጎማ፣ ቀጣዩን አየር ቀንሳችሁ፣ ከዚያ እንደገና በጠንካራ፣ እንደገና ቀንሳችሁ ንዱ። እያፈራረቃችሁ ስትነዱ መልመዱም ድካሙም ለሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ሆኖ ይከፋፈላል። የምታገኙትን ሰዓት ጻፉት።

ስለ ጫማችሁ እናት ቢቆጡ ደግሞ፣ ምርምር ላይ ነበርን በሉ።