የፊት እግሩ የሚንኳኳ መኪና ከዋጋው ስንት ይውረድ?

ያገለገለ መኪና ሻጭና ገዢ የሚጣሉት ብዙ ጊዜ በሞተር አይደለም። ሞተሩ ተነሥቶ ይደመጣል፣ ጭሱ ይታያል፣ ካምቢዮው ይሞከራል፣ ሊብሬው ይገለጣል። ድርድሩ የሚከርረው መኪናው ከቆመበት ወጥቶ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ከፊት በኩል "ቋ" የሚል ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ነው። ገዢው ፊቱን ያጠቁራል። ደላላው "ቴስቲኒ ነው ጋሼ፣ ቀላል ነው" ይላል። ሻጩ ድምፁ እስከ ትናንት እንዳልነበረ ይምላል። ከዚያ በኋላ የሚቀነሰውን ገንዘብ የሚወስነው ብልሽቱ ሳይሆን የተደራዳሪዎቹ አንደበት ይሆናል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሪ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ከላላ የጎማ ዳዶ ሊመጣ ይችላል፤ ካለቀ ሲቪ ጆይንት ሊመጣ ይችላል፤ ሊወልቅ ከተቃረበ ቦል ጆይንትም ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው በዳዶ መፍቻ ወዲያው የሚያልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ኪስ ይጎዳል። ሦስተኛው ደግሞ መኪናውን ከነተሳፋሪው መሐል መንገድ ላይ እግሩን ሰብሮ ሊያስተኛው ይችላል። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቅናሽ መጠየቅም ሆነ መስጠት ያላወቀውን ወገን ይጎዳል፤ ያላወቀው ወገን ደግሞ ሁልጊዜ ገዢው ነው ማለት አይደለም።

ነገሩ ድሮም የነበረ ነው። ክብደቱ የጨመረው ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ መጠን ታክሱ ከፍ እንዲል ካደረገ ወዲህ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ተነካ። እዚህ አገር ያለችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እግሯም አብሮ ያረጃል፤ እያንዳንዱ ገዢም ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ያላስጠገነውን ይረከባል።

ለምርመራው መነሻ የሚሆነው መኪናው በየትኛው ጎማ እንደሚነዳ ማወቅ ነው። ቪትዝን የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው። ኃይል ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚተላለፈው በሁለት ዘንጎች ሲሆን፣ ጎማው እየዞረም እንዲነዳ የሚያደርገው በዘንጉ ጫፍ ያለው ሲቪ ጆይንት ነው። የኋላ ጎማ የሚገፋው የቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ ግን ከፊት ይህ ዕቃ ጨርሶ የለውም። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ሚኒባስ ገዢ "ሲቪው አልቋል" ተብሎ ቅናሽ ቢቀርብለት፣ ወይም ራሱ ይህን ምክንያት አድርጎ ቢከራከር፣ ሁለቱም በሌለ ዕቃ ይደራደራሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክርክር በገበያው የለም ብሎ የሚምል ደላላ ካለ ሥራውን የጀመረው በቅርቡ መሆን አለበት።

የሲቪ ጆይንት ድምፅ ከሌላው የሚለይበት ባሕርይ አለው። አንድ ጊዜ "ቋ" ብሎ አይቆምም። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" እያለ ይደጋገማል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ምቱም ይፈጥናል፤ መሪው ሲቃና ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። የትኛው ወገን እንዳለቀ በጆሮ ብቻ ለመፍረድ ያስቸግራልና ዓይን ይጨመርበት። ጆይንቱን የሸፈነው እጥፍጥፍ ላስቲክ የተቀደደ እንደሆነ ውስጡ ያለው ግራሶ እየተረጨ በቸርኬው የውስጥ ገጽና በአካባቢው ጥቁር ሆኖ ይለጠፋል። ግራሶው ሲወጣ አቧራና ውኃ ይገባል፤ ብረቱን የሚበላው ያ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ድምፅ ገና ያልጀመረ ከሆነ አጽድቶ ግራሶና ላስቲክ መቀየር ሊበቃ ይችላል። መቀጭቀጭ ከጀመረ በኋላ ግን ጆይንቱ ራሱ አልቋል፤ ግራሶ መሙላት ድምፁን ለጥቂት ቀን ያስታግሰው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ለገበያ የቀረበ አሮጌ መኪና ላይ ያ ላስቲክ ብቻውን አዲስና ንጹሕ ሆኖ ከታየ፣ መቼና ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ ነውር የለውም።

መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር የሚሰማ ድምፅ ግን ከሲቪ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዘንጉ አይዞርምና። በቪትዝና በመሰሎቿ የፊት ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ቆመው ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙት ጎማና ኩሽኔታ ባለበት ራስ ነው። ይህ ኩሽኔታ ሲደርቅ ወይም ሲያልቅ ሞላው ከመሪው ጋር መዞር ሲገባው ይይዝና ድንገት ይለቃል፤ "ዷ" የሚል ድምፅ ያሰማል። መለያው ቀላል ነው፤ አንዱ መሪውን ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው በሞላው ላይ እጁን ሳያስገባ ከውጭ በኩል ብቻ በመዳፉ ቢነካው፣ ሞላው ሲዘል ይሰማዋል። ንዝረቱ ከሞላው ይልቅ በመሪው ላይ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ መጋጠሚያ ይጠርጠር።

አሁን ለቀልድ የማይሆነው ይመጣል። ቦል ጆይንት የጎማውን ተሸካሚ ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያዝ ሉል መሰል መጋጠሚያ ነው። ሲላላ በጉድጓድ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ሲዞርና ፍሬን ሲያዝ ይንኳኳል፤ ብሶበት የወጣ ዕለት ጎማው ይታጠፋል፣ መሪ የሚባል ነገር አይኖርም። ፍተሻው መኪናውን በደልዳላ ቦታ በክሪክ አንሥቶ፣ ድጋፍ አድርጎ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ ነው። ከተወዛወዘ አንድ ሰው ገብቶ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መወዛወዙ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ የላላው ደግሞ የመሪ ቴስቲኒ ሊሆን ይችላል፤ ደላላው ሁሉን የሚያሸክመው ዕቃ እርሱ ነው። ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ውጤቱን ስለሚለውጠው፣ የላላውን የደህና ሊያስመስለው ስለሚችል፣ መካኒክ ባለበት ይደረግ።

የቀረው በአጭሩ ይታለፍ። መንገዱ ሲጎረብጥ አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣና ሲወርድ የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፤ ከሁሉ ርካሹም ሳይሆን አይቀርም። ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ሲነሣ ወይም ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ የሚመታው የክንዱ ጎሚኒ ነው። ፍሬን በስሱ ሲነካ ፀጥ የሚል ድምፅ ከፍሬኑ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጎማ ዳዶዎች ይጥበቁ፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተጣለው ክሪክም ይውጣ። በክሪክ ድምፅ ምክንያት ዋጋ የቀነሰ ሻጭ የለም ማለት አይቻልም።

ላንድክሩዘር 70ና ሃይሉክስን በመሳሰሉት ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ፎር ዊሉ ገብቶ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል ያልሆነ መንገድ ስለሚጓዙ መኪናው ይታነቃል፣ ይዘላል፣ ይንኳኳል። ሲወጣ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ገዢው ይህን ብልሽት ብሎ ቢያስቀንስ የከሰረው ሻጩ ነው።

ሙከራው የት እንደሚደረግም ይወስናል። ሻጭ ሰፊውንና ቀጥ ያለውን መንገድ ይወዳል፤ ቴፕም ይከፍታል። ገዢ የሚፈልገው ጸጥ ያለ ቦታና አንድ ረጅም ግንብ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ በግንቡ አጠገብ በዝግታ ሲኬድ ድምፁ ተመልሶ ይሰማል። ከዚያ መሪው ተጠምዝዞ በግራም በቀኝም ክብ መዞር ነው። መኪናው ለብዙ ሰዓት የቆመ ቢሆን ይመረጣል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ይቀላል፤ የሞተር ጩኸት ስለሌለ የእግሩ ድምፅ አይሸፈንም። ሞተሩ ተለወጠ እንጂ ቦል ጆይንቱና ጎሚኒው እዚያው ናቸው፤ ባትሪው ከባድ ነውና ጭነታቸውም ይበልጣል።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ሒሳብ ነው። ለረጅም ዘመን የመኪና ዕቃ ሲፈለግ በሚኬድበት ሶማሌ ተራ ለአንድ ዕቃ ኦሪጅናል፣ ኮፒና ከሌላ መኪና የተፈታ ዋጋ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከተፈታ መኪና የወጣ ሲቪ ጆይንት ላስቲኩ ደህና ከሆነ ሊያስኬድ ይችላል፤ ያገለገለ ቦል ጆይንት መግዛት ግን ቁጠባ አይባልም። የመሪ ቴስቲኒ ወይም ክንድ ከተነካ የአላይመንት ዋጋ ይደመርበት፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል። የዕቃው፣ የእጅና የአላይመንቱ ድምር ነው ከዋጋው ሊወርድ የሚገባው፤ ድርድሩም ከዚያ ቢጀመር ለሻጭም አይከፋም።

ውሉ ሲጻፍ ደግሞ "ገዢ መኪናውን አይቶና ሞክሮ ወዶ የገዛ" የምትለዋ የተለመደች ሐረግ ትገባለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ እያወቀ የተረከበውን ጉድለት በኋላ ማንሣትም ያስቸግረዋል። ስለዚህ ድምፁ ተሰምቶ ሻጩ "አሠራዋለሁ" ካለ የሚሠራው ዕቃ በስሙ፣ የሚሠራበትም ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ወይም ቀብድ ብቻ ተሰጥቶ ቀሪው መኪናው ከጋራዥ እስኪወጣ ይቆይ።