የኮሌራ መርዝና የአንጀታችን ትዕግሥት

አንጀታችን ታጋሽ ነው። የበላነውን እንጀራና የጠጣነውን ወተት ጠላት ብሎ አይዘምትበትም። ይህን ትዕግሥት ከሚጠብቁት መካከል ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይገኙበታል። የኮሌራ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ሁሌም የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው።

መርዙ ከስድስት ፕሮቲኖች የተሠራ ነው፦ አምስት «ቢ» እና አንድ «ኤ»። «ቢ»ዎቹ የአንጀት ሽፋን ላይ ጂኤም1 ከተባለ ስብ ጋር ይጣበቃሉ። «ኤ» ወደ ሕዋሱ ውስጥ ዘልቆ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ከልክ በላይ ያበዛዋል። ከዚያ በኋላ ጨውና ውሃ ወደ አንጀት ይጎርፋል፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሙሉው መርዝ ከምግብ ፕሮቲን ጋር ለአይጦች ሲሰጥ ያ ትዕግሥት ይፈርሳል፤ ሰውነት በምግቡ ላይ ይነሳል። «ቢ» ብቻውን ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ሲሰጥ ግን ትዕግሥቱ ይጠነክራል። አንድ ክፍል ሲጎድል ባሕርዩ ተገለበጠ ማለት ነው! ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸውን በሽታዎች በዚህ መንገድ ለማከም ተሞክሯል፤ ለጊዜው ግን ከምርምር አላለፈም።

ኮሌራ ግን የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ገብተዋል። መጠለያ ሲጣበብና ንጹሕ ውሃ ሲያጥር ኮሌራ ያሰጋል። «የኮሌራ ክትባት መርዙ አለበት?» ለሚል፦ እንደ ዩቪኮል ፕላስ ያሉት በአፍ የሚሰጡ ክትባቶች የያዙት የሞቱ ባክቴሪያዎችን ነው፤ መርዙ የለበትም።

አሶሳም ሁኑ ጉባ፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከጀመራችሁ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ድብልቅ) እየጠጣችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።