ሙያ ድንበር አይከለክለውም፦ ከጅቡቲ ከተማ ባለሙያዎች የለቃቀምኳቸው ምክሮች



ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ለስራ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስራ አለ ወይ?» ብሎ ነው። እዚህ ከሰነበትኩ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር። ስራው ሲገኝስ ጤናንና ደሞዝን ሳያስበሉ እንዴት ነው የሚሰራው? ይሄን የሚያውቀው በሙያው የቆየ ሰው ነው። ስለዚህ በባልባላና በመሐል ከተማ የሚሰሩ ሀበሾችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ሙያቸውን ብቻ እጠቅሳለሁ።

ቅድሚያ ስለ ወረቀት። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ህግ ስደተኛ እንዲሰራ፣ እንዲማርና እንዲታከም መብት ሰጥቷል። ሆኖም የያዛችሁት ወረቀት ምን እንደሚፈቅድላችሁ ከካምፕ ሳትወጡ በፊት ኦናርስ ወይም ዩኤንኤችሲአር ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ዋናውን ወረቀት ለአሰሪ አታስይዙ፤ ቅጂ ይበቃዋል።

የቀን ስራ፦ ዋጋውም ውሃውም በቅድሚያ

ጭነት በማውረድና በግንባታ ላይ ብዙ ዓመት የሰራ ሰው ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ የመጀመሪያው ኩንታል ትከሻ ላይ ሳይወጣ ሶስት ነገር ይለይ፦ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በኩንታል? የሚከፍለው ማነው? መቼ ነው የሚከፈለው? «ስራው ካለቀ በኋላ የሚነገር ዋጋ ያንተ ዋጋ አይደለም» አለኝ። ዋጋ ለመጠየቅ ሶስት ቃል ይበቃችኋል፦ በፈረንሳይኛ «ኮምቢያን»፣ በሶማልኛ «ኢሚሳ»፣ በአረብኛ «ቢካም»። በዶላር የሚያወራችሁ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ዶላር 177.7 የጅቡቲ ፍራንክ ነው ብላችሁ አስሉ። ይሄ መንግስት ያሰረው ምንዛሪ ስለሆነ በየቀኑ አይዋዥቅም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ሲነሳማ ምን አለፋችሁ፣ ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው። ልምድ ያላቸው ሰራተኞች ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከተማው ራሱ ያርፋል። ውሃ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ካደከማችሁ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ሞልቶ እንዳይከመር፣ ልክ ይሁን።

ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታበት ወይም ከወደቀ፣ ሰውነቱም እንደ እሳት ከጋለ ነገሩ ድካም ብቻ አይደለም፣ ገዳይ ነው። ጥላ ስር አግቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ቶሎ ወደ ህክምና ውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ውሃ አይሰጥም።

የቤት ስራ፦ ደብተርና በረኪና

በሰው ቤት የምትሰራ አንዲት እህት ከልብሷ መሐል ትንሽ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። የገባችበት ቀን፣ የተስማሙበት ደሞዝ፣ የእረፍት ቀኗ፣ የተቀበለችው ገንዘብ ሁሉ በቀን በቀኑ ተጽፏል። ስምምነቱን ያደረገችው ሶስተኛ ሰው ባለበት ነው። ክርክር ቢነሳ ደብተሩ ብቻውን ዳኛ ባይሆንም፣ «አላስታውስም» የሚለውን ያሳፍራል።

ለጤና ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አላት። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉ። ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ከሸተታችሁ ሁሉንም ጥላችሁ ወደ አየር ውጡ።

እንጀራ መሸጥ፦ ሊጡ ሳይሆን ሂሳቡ ነው የሚከስር

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት እንዳለችኝ፣ አገር ቤት ሁለት ሶስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚህ በሙቀቱ ወራት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። እርሾ ቀንሱ፣ ማታ አቡክታችሁ በማለዳ ጋግሩ። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ወይም ማሽላ ዱቄት ይቀላቀላል፤ ለደንበኛ ግን ይነገረው። ወጥ የምትሸጡ ደግሞ በዚህ ሙቀት የበሰለ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አታስቀምጡ።

ብዙዎችን የሚያከስራቸው ግን ሂሳብ ነው። ለስሌት ያህል ዱቄት 2000 ፍራንክ፣ ከሰል 500፣ ውሃ 200፣ ፌስታልና ትራንስፖርት 300 እንበል። ድምሩ 3000 ነው። 50 እንጀራ ከወጣ አንዱ በ60 ፍራንክ ተሰራ ማለት ነው። በ65 ብትሸጡት ቀኑን ሙሉ ለፍታችሁ የምታተርፉት 250 ፍራንክ ብቻ ነው፤ አምስት እንጀራ ሳይሸጥ ካደረ ደግሞ ትርፉ አልቆ ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ። ዱቄቱን ብቻ ያሰበ ሰው ግን ያተረፈ ይመስለዋል።

ስፌት፦ ቀብድና ውሃ

ልብስ ሰፊው የጥጥ ጨርቅ ሳይነከር አይቆርጥም። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ጸቡ ከደንበኛ ጋር ነው። ቢያንስ የጨርቁንና የክሩን ዋጋ የሚሸፍን ቀብድ ይቀበላል። ጠመኔ ከሌለ ቀጭን የሳሙና ቁራጭ ምልክት ያደርጋል፣ ሲታጠብም ይለቃል። የባህሩ አየር ጨዋማ ስለሆነ መኪናውን ማታ ማታ ይሸፍነዋል፣ ዘይትም አይለየውም። ዘይት ካደረገ በኋላ ግን መጀመሪያ በእራፊ ጨርቅ ላይ ይሰፋል፣ ያለዚያ የሰው ልብስ ይቆሽሻል። ለጀማሪ የሰጠው ምክር፦ መኪና በብድር ከመግዛት በፊት ተከራይቶ ገበያውን ማየት።

ብየዳና ኤሌክትሪክ፦ ዓይንና እጅ አይገዛም

በያጁ «የፀሐይ መነጽር መከላከያ አይደለም» ይላል። ያለ ማስክ የብየዳ ብርሃን ያየ ዓይን ወዲያው ላያመው ይችላል፤ ሌሊት ግን አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላል። አጠገብ ቆሞ የሚያየውም እኩል ይጎዳል። ኤሌክትሪክ ሰራተኛው ደግሞ መስመሩ 220 ቮልት መሆኑን እያስታወሰ፣ ቆጣሪው ላይ አጥፍቶ፣ በቴስተር አረጋግጦ፣ በደረቅ ጫማ ነው የሚነካው። ላብ ያራሰው እጅ ውሃ እንደነካው እጅ ነው። ቬንቲሌተርና ኤሲ ማጽዳትና መጠገን የሚችል ሰው፣ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ደንበኛ እንደማያጣም ነግሮኛል።

ለመዝናናትም ዕውቀት ያስፈልጋል

ስራ ብቻ ሰውን አያኖርም። የሰፈር ልጆችን ኳስ የሚያሰለጥን ወጣት ልምምዱን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚጀምረው። ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘ ልጅ «ይፍታታ» ተብሎ አይታሽም፤ ያርፋል፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ እግሩ ከፍ ይላል።

በክር አሳ የሚያጠምዱ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ በባዶ እግር አይሄዱም። ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ አሳ አለ፤ እሾሁ ሲወጋ ህመሙ ያስጮሃል። ቆዳ በማያቃጥል ግን በሚቻለው ሙቅ ውሃ ውስጥ እግሩን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ህመሙን ያበርዳል፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ነው።

እንግዲህ ከሁሉም የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ባለሙያን «ስራ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋችኋል። «በዚህ ስራ ጀማሪ የሚጎዳው በምንድን ነው?» በሉት፤ ያኔ ተቀምጦ ያጫውታችኋል። ይሄን ለመጠየቅ ከተማ መምጣት አያስፈልግም። በካምፑ ውስጥ አናጢ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ፀጉር ሰሪ የነበረ ጎረቤት አለ። እሱ እያወራ እናንተ ጻፉ፤ ሲሰራም አጠገቡ ሁናችሁ እርዱት። ራሽኑ ያልቃል፣ ሙያው ግን ወደየትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል።