ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የሳንባ ሕመም፦ በእጅ ያለው መድኃኒትና በምርምር ላይ ያለው የሕዋስ ሕክምና

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። የአየር ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሰርፋክታንት የተባለ ቅባታማ ንጥረ ነገር በበቂ መጠን የሚመረተው በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው። በተለይ ከ34ኛው ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ይህ ስለሚያንሰው ያቃስታል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ይሰረጉዳል።

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጎንደርን ጨምሮ በአምስት የአገራችን ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው የሞት ምክንያት ይኸው የመተንፈስ ችግር ነው።

ከሞት ከተረፉት መካከል የአንዳንዶቹ ሳንባ ተጎድቶ ለሳምንታት ከኦክስጅን መላቀቅ ያቅታቸዋል። የሕዋስ ሕክምና ምርምር ያነጣጠረው በዚህ ጉዳት ላይ ነው። የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ከእትብት ደም የተገኘ ግንደ ሕዋስ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ደርበው ለዘጠኝ ሕፃናት በመስጠት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን ይፋ አድርገዋል፤ ሕፃናቱም ሕክምናውን ተቋቁመውታል። ይሁን እንጂ በ66 ሕፃናት ላይ የተደረገው ቀጣይ ሙከራ ሕክምናው ሞትን ወይም ከባድ የሳንባ ጉዳትን በአጠቃላይ እንደሚቀንስ አላረጋገጠም። ስለዚህ ሕክምናው ገና በምርምር ላይ ነው፤ «በግንደ ሕዋስ እናድናለን» ለሚል ማንም ወገን ገንዘብ መክፈል አይገባም።

በእጅ ያለው መድኃኒት ግን ውድ አይደለም። ምጥ ያለጊዜው ሲያሰጋ ለእናቲቱ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ የፅንሱን ሳንባ ያበስላል። መርፌው የሚሰጠው የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ሲታወቅ፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን እንደሌለባት ሲረጋገጥና ለጨቅላው እንክብካቤ በሚሰጥ ሆስፒታል ነው፤ ለመሥራትም ሰዓታት ይፈልጋል።

ለፎገራ ሜዳ ነዋሪዎች ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስድ አስፋልት አለ። አስቸጋሪው ከቀበሌ ወረታ ድረስ ያለው ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ መንገዱ ውኃ ይሆናል። ነፍሰ ጡር እናቶች የእርግዝናው ዕድሜ እንዲታወቅ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሊጀምሩ፣ በጎርፍ ወቅት የሚወልዱትም አስቀድመው ወደ እናቶች ማቆያ ሊገቡ ይገባል። ከዘጠነኛው ወር በፊት የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ደም ከታየ ወይም ምጥ መሰል ቁርጠት ከጀመረ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሕፃኑ መንገድ ላይ ከተወለደ አይታጠብም። በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ኮፍያ ተደርጎለት፣ ራቁት ገላው በእናቱ ደረት ላይ ተለጥፎና ከላይ ተሸፍኖ ጉዞው ወደ ሆስፒታል ይቀጥላል።