ፓኬጅ ሲከፈት የሚወጣውን ጽሑፍ አንዴ እናንብበው



«አር» ላይ ፓኬጅ ስንከፍት፣ አብረውት የሚከፈቱት ፓኬጆች መልእክትም ተጨምሮ ስክሪኑ ይሞላል። ብዙዎቻችን ሳናነብ እናልፈዋለን።

«ዲፕላየር» ግን ሲከፈት «ፊልተር» እና «ላግ» የተባሉትን የ«ስታትስ» ትእዛዞች እንደሸፈነ ይነግረናል። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ሌላ ነው። ከሐሙሲት ጉማራን ተሻግረን የምናገኘውን የፎገራ ሜዳ እናስብ፤ የሩዝ ምርቱ በየዓመቱ ተመዝግቦልናል፣ የዘንድሮውን ከአምናው በ«ላግ» ልናነጻጽር ነው። የ«ዲፕላየር»ኛው ቁጥሮቹን አንድ ረድፍ ወደ ታች ያወርዳል። ኮዱን ከጓደኛ ስንቀዳ «ዲፕላየር»ን የሚከፍተው መስመር ከቀረ ግን የሚሠራው የ«ስታትስ»ኛው ነው፤ እሱ የጊዜ ምልክቱን እንጂ ቁጥሮቹን አያንቀሳቅስም። ልዩነቱ ሁሉ ዜሮ ይሆናል፣ ስሕተት የሚል ቀይ ጽሑፍም አይመጣም። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ዜሮ ያስፈራል!

መፍትሔው «ዲፕላየር» ብሎ፣ ኮለን ሁለቴ መትቶ፣ «ላግ» ማለት ነው (ኮለኑ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይሁን፤ የእኛን ሁለት ነጥብ አይቀበልም)። መልእክቱ ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ ከፈለግን «ሰፕረስ ፓኬጅ ስታርትአፕ መሴጅስ» አለ፤ የመክፈቻውን ብቻ ዝም ያሰኛል፣ ስሕተትና ማስጠንቀቂያ ግን ይታያሉ። «ሰፕረስ መሴጅስ» ሌላውንም መልእክት ስለሚያፍን ለዚህ ባንጠቀምበት ይሻላል።