አዲሱ ዲስክ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ለምን ተሳነው?

የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ጥቂት ቀናት የቀሩት አንድ ተማሪ፣ ኮምፒውተሩ እየዘገየ ስላስቸገረው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በአዲስ ኤስኤስዲ ለመተካት ወሰነ እንበል። ፋይሎቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጠ፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ገጠመ፤ ማብሪያውንም ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የታየው ግን የማስነሻ ዲስክ አለመገኘቱን የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ነው። ፋይሎቹ በሙሉ በዲስኩ ላይ እያሉ ኮምፒውተሩ ስለ ምን «አልተገኘም» ይላል?

ለመመለስ ኮምፒውተር ሲበራ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚያከናውነውን እንመልከት። በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ ስለ ዊንዶውስም ሆነ ስለ ፋይሎቻችን የሚያውቀው ነገር የለም። መጀመሪያ የሚያነበው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተቀመጠውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በቀድሞዎቹ ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአሁኖቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከፈተሸ በኋላ ሥራውን ለዲስኩ ያስረክባል። ርክክቡ የሚፈጸመው ግን በተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ባዮስ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ለአስነሺው ፕሮግራም፣ 64ቱ የዲስኩን ክፍልፋዮች ለሚዘረዝር ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ ለመለያ ምልክት የተመደቡ ናቸው። ዩኢኤፍአይ በበኩሉ ለማስነሻ ተብሎ የተለየ አነስተኛ ክፍልፋይ ፈልጎ፣ በውስጡ ያለውን አስነሺ ፋይል ያስጀምራል። የመጀመሪያው ከፎልደሮች ሁሉ ውጭ ነው፤ ሁለተኛውም ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወረ ነው። ስለዚህ ፋይል ስንገለብጥ አንዳቸውም አብረው አይገለበጡም። የተማሪው አዲስ ዲስክ ዕቃው ሁሉ የገባበት፣ በር ግን ያልተከፈተለት ቤት ሆኗል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የባዮሱ ሰንጠረዥ ኤምቢአር ይባላል። ሴክተሮችን የሚቆጥረው በ32 ቢት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ሲሆን ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት በላይ ያለውን ቦታ መመዝገብ አይችልም። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሰንጠረዥ ይህ ገደብ የለበትም። ዊንዶውስ በኤምቢአር ዲስክ ላይ በባዮስ ስልት ተጭኖ ሳለ ኮምፒውተሩ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሳ ከታዘዘ፣ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ርክክቡ አይፈጸምም።

እንግዲህ ችግሩን የምንፈልገው ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትለን ነው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ እንደበራ ወደ ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ ገጽ እንገባለን፤ በብዙዎቹ ላይ መግቢያው ኤፍ2 ወይም ዲሊት ቁልፍ ነው። የአዲሱ ዲስክ ስም ከሌለ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተንና ከኤሌክትሪክ ነቅለን ኬብሉንና ማስገቢያውን እንፈትሻለን። ኤም ነጥብ 2 በሚባለው ማስገቢያ ላይ የሳታና የኤንቪኤምኢ ዲስኮች በመልክ ቢመሳሰሉም፣ አንዳንዱ ማስገቢያ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንደሚቀበል ልብ ይሏል። ስሙ ካለ፣ በማስነሻ ተራው መቅደሙን፣ ቀጥሎም የማስነሻ ስልቱ ከዲስኩ ሰንጠረዥ ጋር መጣጣሙን እናያለን። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልተነሳ የጎደለው አስነሺው ፕሮግራም ነው። መፍትሔውም ዊንዶውስን ከፍላሽ ዲስክ እንደ አዲስ መጫን፣ ወይም አሮጌውን ዲስክ ክፍልፋዮቹን ጨምሮ በሙሉ በሚቀዳ ፕሮግራም መገልበጥ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉ ቅጂ ሲደረግ ምንጩና መድረሻው ከተምታቱ ባዶው ዲስክ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ አስቀድመን ጽሑፉን በሌላ ፍላሽ እናስቀምጥ፤ ሁለቱንም ዲስኮች በስማቸውና በመጠናቸው እንለይ። ዊንዶውስ ሁለት ዲስኮች ተገጥመው ሳለ ከተጫነም አስነሺው ፋይል በአሮጌው ላይ ሊቀር ይችላል። በመሆኑም አሮጌው ተነቅሎ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ብቻ መነሳቱን፣ ጽሑፉም መከፈቱን ሳናረጋግጥ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አናድርግ።